እትዬ መርፌና አልታዘዝ ያለው ስልክ

አማቴን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ቀጭን ናቸው፣ ሲራመዱ ቀጥ ይላሉ፣ ሲናገሩም ይወጋሉ። ገና ሙሽራ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ስገባ የለበስኩትን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «ይሄን የሰፋውን ሰው ምን በድለሽው ነው?» አሉኝ። ምሳ ሳይቀርብ ቀሚሱን አስወለቁኝ፤ የራሳቸውን ካፖርት አልብሰው አንድ ጥግ አስቀመጡኝና የተንጋደደውን ትከሻ ፈተው እንደገና ሰፉት። ከዚያ ወዲህ አማትና ምራት አይስማሙም የሚል ወሬ ሲነሳ እኔ ዝም ነው የምለው።

የምንኖረው አብረን ነው። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚገኘው። ቤቱን የያዝነው እኔና እናቱ ነን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ አላት። በረንዳዋን አማቴ በመስታወት አዘግተው ስፌት ቤት አድርገዋታል። በእግር የሚረገጥ አሮጌ ስፌት መኪና፣ ካውያ፣ በቀለም በቀለም የተደረደሩ ክሮች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ መስታወት አለ። ስራ ላይ ሲሆኑ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ ስፒሎቹ ከንፈራቸው መሃል ናቸው። በዚያ ሰዓት ያናገራቸው ሰው መልስ የሚያገኘው በቅንድብ ነው።

ስለ አማቴ ሲወራ ስለ ወንድማቸው አለማውራት አይቻልም። አናጢው እንለዋለን። በዕድሜ ከእሳቸው እጅግ ስለሚያንስ ባሌ እንኳ «አንተ» ነው የሚለው፤ አጎቱ ይሁን እንጂ አብረው አፈር ፈጭተው ነው ያደጉት። አናጢው ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም። በልጅነቱ መስማት ለማይችሉ የሚሆን ትምህርት ቤት በአካባቢያቸው ስላልነበረ ማንበብና መጻፍ አልተማረም። ያለው ቋንቋ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእህቱ ጋር ሆነው በእጃቸው የፈጠሩት።

ያ ቋንቋ ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም። እህትና ወንድም አንድ ግቢ ውስጥ እየተጣሉና እየተሳሳቁ ያበጁት ነው። እናት ማለት ጣትን ፀጉር መሃል ሰንጥቆ ማሳለፍ ነው፣ እናታቸው እንደዚያ ነበር የምትሰነጥቀው። አባት ማለት ጢምን መጠቅለል ነው። ዝናብ፣ ዳቦ፣ ውሸታም፣ ነገ፣ ናፈቅሽኝ፣ ለሁሉም ምልክት አላቸው። እኔም ስም ወጥቶልኛል። አናጢው እኔን ሲጠራ አንዱን ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ይጎትታል። ለሰርጌ በመጣ ጊዜ ስለዚያች የተንጋደደች ቀሚስ እህቱ ነግረውት ነበር፤ ቀሚሷ ተቃንታ ስሟ እኔ ላይ ቀረ።

አናጢው የሚሰራው ሩቅ ከተማ ነው፣ አንድ የቤት ዕቃ መስሪያ ውስጥ። ሌላው ሰው ዘመዱ ሲርቀው ስልክ ደውሎ ድምፁን ይሰማል። እነሱ ግን በአካል ካልተያዩ ምንም አይባባሉም። የመስሪያው ባለቤት አልፎ አልፎ ደውሎ «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» ሲላቸው አማቴ ያመሰግኑታል፤ ስልኩን ሲዘጉ ደግሞ ለእኔ፣ «ሰላም ብሎኝ አያውቅም እኮ፣ እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምን እንደበላሁ ነው» ይሉኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፉ፣ እኔም አዝራር እየተከልኩላቸው ሳለን ስልካቸው ጮኸ። የማያውቁት ቁጥር ነበር። ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እናቴ፣ የምደውለው ከሆስፒታል ነው። ነርስ ነኝ» አለች የሴት ድምፅ። «አይደንግጡ፣ ወንድምዎ በሕይወት አለ። ቁጥርዎን የሰጠኝ አሰሪው ነው።»

የአማቴ እግር መርገጫው ላይ እንዳለ ቆመ። «ምን ሆነ?»

ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳች። አናጢው ከባድ ሳንቃ ሲያነሳ ሆዱን አሞት ወደቀ። ሄርኒያ ነው፤ የሆዱ ግድግዳ ሳስቶ አንጀቱ ሾልኮ ወጥቷል። ለጊዜው ሐኪሙ መልሶታል፣ ነገር ግን ነገ ጠዋት ካልተሰፋ ደግሞ ሊወጣና ሊታነቅ ይችላል፤ ያኔ አደጋ ነው። ችግሩ እሱ እንቢ ማለቱ ነው። መርፌውን ከእጁ ነቅሎ ጥሏል። ሐኪም ሲጠጋው ጥግ ይይዛል። ያለ ፈቃዱ ደግሞ አይሰራለትም።

«በምልክት የሚያስተረጉም ሰው አምጥተን ነበር» አለች ነርሷ። «ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን የእሱን ምልክት አታውቀውም፣ እሱም የእሷን። እርስዎ መምጣት ይችሉ ይሆን?»

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ሰሞን ጎርፍ ድልድዩን ጎድቶት ስለነበር ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ ዙሪያ ጥምጥም ነበር የሚሄደው። አሁን ቢነሱ እንኳ ከነገ ማታ በፊት አይደርሱም።

«በቪዲዮ ቢያናግሩትስ?» አለች ነርሷ። «የቪዲዮ መደወያውን አፕ ስልክዎ ላይ ያውርዱና በራሴ ስልክ አገናኛችኋለሁ። ተረኛ ነኝ፣ እስከ ነገ አለሁ።»

«እናወርዳለን» አሉ አማቴ። ማውረድ ምን እንደሆነ በደንብ የሚያውቁ አይመስለኝም። ያሉት ግን ሱሪ ለማሳጠር እሺ እንደሚሉት ነው።

ስልኩን ባሌ ነው የገዛላቸው። ከመደወል ሌላ የሚጠቀሙበት ለፎቶ ብቻ ነበር። እያንዳንዱን ልብስ ከማስረከባቸው በፊት ከፊትና ከኋላ ያነሱታል፤ ደንበኛ «እንዲህ አልነበረም» ብሎ የተከራከራቸው ጊዜ ማስረጃ ነው። የእኔ ስልክ ደግሞ የቁልፍ ስልክ ናት። ትደውላለች፣ እንደ ባትሪ ታበራለች፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ ትላለች።

አፕ የሚወርድበትን ፕሌይ ስቶርን ከፈትኩት። መሃሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር ዞረች፣ ዞረችና «ግንኙነት የለም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። የኢንተርኔት ጥቅል ገዛሁ፣ ያው ነው። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው።

«እንሂድ ወደ ልጁ» አሉ አማቴ።

ልጁ የሚሉት መንገዱን ተሻግሮ ደረጃ ስር ያለችውን ጠባብ ሱቅ ይዞ ስልክ የሚጠግነውን ነው። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰውዬ ነው፤ ለአማቴ ግን ጢም ያወጣ ሁሉ ልጅ ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። ነገሩን ሲሰማ የያዘውን ስራ ትቶ ስልካቸውን ተቀበለ። እሱም ሞከረ፣ በራሱ ዋይፋይ አገናኘው፣ ክቧ ነገር ለእሱም ዞረችበት።

«ስልኩ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እማማ። አየር የለውም» አለ። «ይሻለው እንደሆነ ሙሉ በሙሉ ላጥፋውና እንደ አዲስ ላስነሳው። ያለው ነገር ሁሉ ግን ይጠፋል።»

«ቁጥሮቹም?»

«ቁጥሮቹም፣ ፎቶዎቹም። ከዚያ አካውንቱን እንደገና መክፈት አለብን፤ የይለፍ ቃሉን ያውቁታል?»

አላወቁትም። ያወጣላቸው ልጃቸው ነው፣ እሱ ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ላይ ነበር፤ ስንደውልለት አልሰራም።

አማቴ ትንሽ አሰቡ። «የኔ ልጅ፣ የስፌት መኪናዬ ሲዘልብኝ መጀመሪያ የማየው ክሩን ነው። ቀጥሎ መርፌውን። መኪናውን የምፈታው ሌላው ሁሉ ካቃተኝ ነው። አንተ የምትለኝ የመጨረሻውን ነው። የመጀመሪያው የቱ ነው?»

ሰውየው ፈገግ አለ። አልተቀየመም፣ እንዲያውም ወንበሩን ለቆላቸው አስረዳቸው። አፕ እንዲወርድ ስልኩ ውስጥ ቦታ መኖር አለበት፤ መስመር መኖር አለበት፤ አካውንቱ መከፈት አለበት፤ ሴቲንግ የሚሉት ቅንብሩ ውስጥም የሚከለክለው ነገር መኖር የለበትም። የትኛው የት እንደሚገኝ በጣቱ እየነካ አሳያቸው። ከዚያ የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣ።

«ይሄ ሁሉ ከሚያደክምዎት በእኔ ያናግሩት፣ ይውሰዱት።»

አማቴ ስልኩን አዩት። በዚያችው ቅጽበት ሁለት ደንበኛ ደውሎበታል። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «እኔ ካቃተኝ እመጣብሃለሁ፣ አላፍርም። ግን አንዴ ብቻ አናግሬው አይበቃም እኮ። ሲነቃስ? ሲነቃ የሚያየው ሰው መኖር አለበት።»

ቤት ተመለስን። አማቴ የመቁረጫ ጠረጴዛቸውን ጠረጉ፣ መብራቱን ወደ ታች ሳቡት፣ ስልኩን መሃል ላይ አስቀመጡት። ቦርሳ ውስጥ የገባን መርፌ የሚፈልጉ ነበር የሚመስሉት።

መጀመሪያ ቦታውን አየን። የሞላው በቪዲዮ ነው። እኔ ቪዲዮ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር፣ እሳቸውም አያውቁም። ከፈትነው። ለካ ፎቶ አነሳሁ ብለው ቪዲዮ እያስጀመሩ ሳያጠፉ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጣሪያውን የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። የነጠላ ጫማቸው ጫፍ ብቻ የሚታይበት አለ። አንደኛው ላይ ምስሉ ጭልጥ ያለ ጨለማ ነው፣ ድምፃቸው ግን «ይቺ ሴትዮ ወገቧ ጠበበኝ ትላለች፣ ወገቧን ትጠይቅ እንጂ እኔን ምን ታደርገኛለች» ሲሉ ይሰማል። ያ ሁሉ ጭንቅ እያለ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አንድ በአንድ አጠፋናቸው። የልብሶቹን ፎቶ አልነካንም። ስልኩ አየር አገኘ።

ፕሌይ ስቶርን ከፈትነው። ክቧ ዞረች። «ግንኙነት የለም።»

መስመሩን አየን። ጥቅሉ አለ፣ ምልክቱም ሙሉ ነው። አንድ ድረ ገጽ ልክፈት ብዬ ስሞክር «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» አለኝ። ሌላ ገጽ ሞከርኩ፣ እሱም እንደዚያው። እኔ በዚህ ጊዜ ስልኩን በመስኮት ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። አማቴ ግን አልተናደዱም። ስናደድ ስፌቴ ይጣመማል ይላሉ፣ ያን ቀንም በዚሁ ልማዳቸው ጸኑ።

«ይሄ ስልክ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «ባለፈው ልጄ ሲመጣ የአየር ሁኔታውን ምናምን ከፍቶ አሳይቶኝ ነበር። ይሰራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ?»

አሰብን። አልወደቀም። ውሃ አልነካውም። ባትሪው አብጦ ስለነበር ያው ስልክ ጠጋኙ ልጅ ቀይሮላቸው ነበር፤ ሌላ የተነካ ነገር የለም።

«እንግዲህ ችግሩ የመጣው ስልኩ ከተነካበት ጊዜ ነው» አሉና ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። የተደወለላቸውን ዝርዝር ከፈቱ። ነርሷ የደወለችው ዛሬ ነውና መጀመሪያ ላይ መሆን ነበረበት፤ የለም። ወደ ታች ወረዱ፣ ወረዱ። ከስር ከስሩ፣ ካረጁት ጥሪዎች መሃል ተወትፎ አገኙት። ከጎኑ ያለውን ዓመት በጣታቸው ነኩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ በዚህ ዓመት አንቺ ልጄን ታውቂው ነበር?»

አየሁት። ከማግባቴ በፊት የነበረ ዓመት ነው። አልገባኝም።

«ስልኩ ያለው ድሮ ላይ ነው» አሉ። «ሰዓቱ ልክ ነው፣ ቀኑ ግን ድሮ ነው። ባትሪው ሲወጣ ቀኑ ጠፍቶበታል። ልጁ ሰዓቱን ሞልቶ ዓመቱን ረስቷል።»

ይህ ለምን አፕ እንደሚከለክል ያኔ ለሁለታችንም ግልጽ አልነበረም። በኋላ ስልክ ጠጋኙ ጭንቅላቱን እየያዘ አስረዳን። የስልኩ ቀን ከተሳሳተ፣ ስልኩ ከሚገናኛቸው ቦታዎች የሚመጣለት የመተማመኛ ማረጋገጫ ሁሉ ጊዜው ገና ያልደረሰ ይመስለውና አልቀበልም ይላል። አማቴ ግን ምክንያቱን አልጠበቁም። ያልተስተካከለ ነገር አይተው ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ቅንብሩን ከፈትን፣ ቀንና ሰዓት የሚለውን አገኘን፣ «በራሱ ያስተካክል» የሚለውን አበራን። ስልኩ ድንገት ዓመታቱን ዘልሎ እኛ ያለንበት ደረሰ።

ፕሌይ ስቶርን ነካሁት። ተከፈተ። በሥዕል የተሞላው ገጽ ወለል ሲል አማቴ፣ «እህ» ብቻ አሉ።

አፑን ፈልጌ ጫን የሚለውን ስነካ ግን ደግሞ ሌላ ጣጣ። «ዋይፋይ በመጠባበቅ ላይ» አለና ቀጥ አለ። አማቴ ግን ሰውየው ያሳያቸውን አልረሱም፤ ቅንብር ውስጥ የሚከለክል ነገር አለ ብሏቸው ነበር። ራሳቸው በጣታቸው እየፈለጉ ገቡ። በዋይፋይ ብቻ አውርድ የሚለው ተመርጦ ነበር፤ ልጃቸው ለቁጠባ ብሎ ያደረገው ነው። «በማንኛውም መስመር» ወደሚለው ቀየሩት። ክቧ ነገር መዞሯን ተወችና ከዳር መሙላት ጀመረች። እንጀራ ፍለጋ ወጥቶ የዘገየን ሰው በር በር እንደማየት፣ ሁለታችንም ሳንተነፍስ እያየናት ሞላች።

መሽቶ ነበር። ነርሷ ጋ ደወልን። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ሲጠራ አማቴ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወለቁ፣ ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ፣ ስልኩን በክር ማጠንጠኛዎቹ ላይ አስደግፈው ከመብራቱ ስር ተቀመጡ።

መጀመሪያ የታየው ነጭ ግድግዳ ነው። ከዚያ የአልጋ ብረት፣ ከዚያ አናጢው። ጥግ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፣ ፊቱ ገርጥቷል። ነርሷ ስልኩን ወደ እሱ ስታዞር መጀመሪያ አላየም። ከዚያ አያቸው። ቀስ ብሎ እጁን አነሳ፤ ጣቶቹን ሰብስቦ ወደ አፉ ወሰደና ወደ እህቱ ዘረጋ።

አማቴ በእጃቸው ሲያወሩ በአፋቸውም የመናገር ልማድ አላቸው፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ሰምቻለሁ። «ምን በላሽ ይለኛል» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ። «ምንም አልበላሁም፣ አንተ እያስቸገርክ ማን ይበላል» አሉት።

እሱ ሊስቅ ሞክሮ ሆዱን ያዘ።

«ስማኝ» አሉና ኮት አነሱ፤ ሊጠገን የመጣ የሰው ኮት ነው። የጎኑን ስፌት በምላጭ ትንሽ ተረተሩት። ከዚያ ገበሩን ከውስጥ በጣታቸው ገፉት፤ በቀዳዳው ሾልኮ ወጣ። ወደ ሆዱ ጠቆሙት። አናጢው ገበሩን አየ፣ ሆዱን አየ። ገበሩን መልሰው ወደ ውስጥ ከተቱት፣ መርፌ አንስተው ቀዳዳውን ሰፉ፣ በጥርሳቸው ክሩን በጠሱ፣ ኮቱን አራግፈው አሳዩት። የእህቱን ስፌት ሲያይ ያደገ ሰው ነው፤ ለዚህ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገውም። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ታዲያ ለምን እንቢ ትላለህ?»

አናጢው ጢሙን ጠቀለለ። አባት። ክንዱን በጣቱ ወጋ። እጁን ከጉንጩ ስር አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ሳይገልጥ መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው።

አማቴ አልተረጎሙልኝም። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። በኋላ ነው የነገሩኝ። አባታቸው ሲሞቱ አናጢው ገና ትንሽ ልጅ ነበር፣ ሆስፒታል ክፍሉ ውስጥም ነበር። ነርስ መጥታ ለሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋቻቸው፣ አንቀላፉ፣ አልነቁም። አባትየው ለወራት ታመው እንደነበር፣ በሽታው ጨርሷቸው እንደነበር ሌላው ሁሉ ያውቃል። እሱ ያየው ግን መርፌዋን ነው። ይህን ዕድሜ ሁሉ አባቱን የገደለው ያ መርፌ እንደሆነ ያውቅ ነበር፣ ለማንም አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መቼም አልረሳውም። አማቴ ሳይቸኩሉ የአባታቸውን ሕመም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሩት። ሳሉን አሳዩት፣ መክሳቱን፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሱበትን፣ ደረጃ መውጣት ያቃታቸውን ቀን። እሱ አንዳንዱን ያስታውስ ነበር፤ ቀበቶው ጋ ሲደርሱ አቋርጧቸው ያንን ቀበቶ አየሁት ብሎ ወገቡን ነካ። መርፌው ሕመሙን ለማስታገስ እንደነበር ነገሩት። ሲሳሳቱ ደገሙት፣ ምልክት ሲያጡ አዲስ ፈጠሩ። ሰውን ሁሉ በምላሳቸው የሚወጉት አማቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፣ ያን ማታም አላለቀሱም። ድምፃቸው ብቻ ቀጠነ። ነርሷ ስልኩን የያዘችበት እጅ ሲደክማት በሌላኛው እየቀየረች አንድም ጊዜ አላቋረጠቻቸውም።

በመጨረሻ አናጢው እነቃለሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አማቴ ጮክ ብለው መለሱ፣ «አዎ፣ ትተኛለህ፣ ከዚያም ትነቃለህ። ስትተኛም አለሁ፣ ስትነቃም አለሁ።»

ክንዱን ለነርሷ ዘረጋ።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ ከመስታወቱ ፊት ቆመው ሰርግ እንደሚሄድ ሰው ለበሱ። «ሲያየኝ ደህና ነገር ማየት አለበት» አሉ። ስልኩ ከቻርጀሩ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። ነርሷ እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ ስልኩን ይዛለት ሄደች። የማደንዘዣ ሐኪሙም ደግ ሰው ነበር፤ እዚያው በሩ ላይ መድኃኒቱን ሲሰጠው ስልኩ ከፊቱ እንዲቆይ ፈቀደ። አናጢው ዓይኑ ሲከብደው እህቱ ናፈቅከኝ የሚለውን ምልክት እያሳዩት ነበር። ሊመልስ እጁን አነሳ፣ ከመሃል ላይ ወደቀ።

የጠበቅንበትን ሰዓት አልተርክም። አማቴ ዩኒፎርም ሰፉ። አንድ እጅጌ ገልብጠው ገጠሙና መልሰው ፈቱት፤ እሳቸው ሲሳሳቱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስልኩ ሲጠራ እግራቸው መርገጫው ላይ ነበር። አናጢው አልጋው ላይ ተኝቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል። ምስሉን ለማግኘት ትንሽ ፈለገ። ሲያገኛቸው ሊያነሳ የቻለው ጣቶቹን ብቻ ነው። ሰብስቦ ወደ አፉ ወሰዳቸው።

«በልቻለሁ» አሉት አማቴ። ውሸታቸውን ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ሄደው አንድ ሳምንት አስታመሙት፤ የነርሷን የደንብ ልብስም ወገቡን አስተካክለውላት ተመለሱ። እሷ ከዚያ በፊት ልብሱ ልኳ እንዳልሆነ አታውቅም ነበር። አናጢው ድኖ ስራውን ጀመረ፤ አሰሪው ደህና ስልክ ገዛለት። አሁን ማታ ማታ በረንዳዋ ላይ ድምፅ የሌለው ጨዋታ አለ። እሱ የሰራውን ወንበር ያሳያል፣ እሳቸው እግሩ ይንጋደዳል ብለው ይተቹታል፣ እሱ ውሸታም ይላቸዋል። ስልክ ጠጋኙም ከዚያ ወዲህ ባትሪ በቀየረ ቁጥር፣ «ዓመቱን አይቼዋለሁ፣ እማማ» ብሎ ማዶ ሆኖ ይጮህላቸዋል።

ከወራት በኋላ ነርሷ እንደገና ደወለች። አናጢው ምን ሆነ ብለን ደነገጥን፤ የደወለችው ግን ስለ ሌላ ሰው ነው። ከገጠር የመጣች መስማት የማትችል አሮጊት ተኝታለች፣ አስታማሚ የላትም፣ ምልክቷን የሚያውቅ የለም፣ ቀኑን ሙሉ እጇን እያንቀሳቀሰች ታለቅሳለች።

«እኔ የማውቀው የወንድሜን እጅ ነው» አሉ አማቴ። «የሷን አላውቅም። ቢሆንም አሳዪኝ።»

የያዙትን ልብስ አስቀመጡ። አሮጊቷ ታየች፤ ጥቁር፣ የተሸበሸበ ፊት፣ እርጥብ ዓይን። አንድ ነገር አሳየች። አማቴ አልገባቸውም፤ ያሳየቻቸውን እንዳለ ደገሙላት። አሮጊቷ ማልቀሷን አቆመች፤ እጇን የሚደግምላት ሰው ካገኘች ስንት ጊዜ እንደሆናት እንጃ። ሌላ አሳየች። ደገሙላት። እንዲህ እያሉ ቆዩ፤ የሁለት ሴቶች እጅ፣ አንዱ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ሌላውን ይከተላል። አሮጊቷ ክንዷን እንደ ሕፃን አቅፋ ወዘወዘች፣ በጣቷ አራት አሳየች፣ ከዚያ በሁለት ጣቷ ራሷ ላይ ቀንድ አበጅታ ጭድ የሚመስል ነገር በተነችና ማን እንደማለት እጇን ዘረጋች።

አማቴ ፊታቸው በራ። «ፍየሎች ናቸው» አሉ ለነርሷ። «አራት ግልገል ቤት ትታ መጥታለች። ማን እያበላቸው እንደሆነ ነው የምትጠይቀው። በሉ፣ ከሰፈሯ ሰው ፈልጉና ጠይቁላት። እስከዚያ እኔ አለሁ።»

ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።